የጎደለው ደረጃ፦ ከካርቱም ሠፈር ወደ ዋሊው ቢሮ



ጎንደር ላይ ቆሞ ስለ ካርቱም ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በመተማ ወጥቶ፣ ገዳሪፍን አልፎ ካርቱም የከረመ ዘመድ የሌለው ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት ይገኛል? የካርቱሙን ዴም ሠፈር ከእኔ በተሻለ የሚያውቁ ሰዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ከቤተ መንግሥቱና ከጄኔራሎቹ አልጀምርም። ከምታውቁት እጀምራለሁ፤ ከሻይ ሻጯ ባምባር።

ባምባር ለማታውቁት፣ በገመድ ወይም በላስቲክ የተጠለፈች አጭር በርጩማ ናት። ካርቱም ውስጥ የዛፍ ጥላ ባለበት ሁሉ አምስት ስድስቱ ክብ ሠርተው ይደረደራሉ። ከመካከላቸው የከሰል ምድጃ፣ ማንቆርቆሪያና የቅመም ብልቃጦች አሉ፤ አንዳንዴም ጀበና። ጀበናውን እነሱም ጀበና ነው የሚሉት። ከምድጃው ኋላ የምትቀመጠው ሴት ብዙ ጊዜ ከኑባ ተራሮች ወይም ከዳርፉር ጦርነት ያፈናቀላት ናት፤ ካልሆነችም የእኛዋ እህት ናት። ዙሪያዋን ሾፌሩ፣ ተማሪው፣ ጋዜጠኛው፣ ሥራ ፈቱ ይቀመጣል። የከተማው ፖለቲካ የሚወራው እዚያ ነው። ቦታውን ያዘጋጀችው ሴት ግን ከፖለቲካው የሚደርሳት ከሻ ብቻ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ አየሁ። ላላወቀው ልንገረው፦ ከሻ አፈሳ ነው። የፖሊስ መኪና ድንገት ይቆማል፤ ምድጃው፣ ብርጭቆው፣ ባምባሩ ተጭኖ ይሄዳል። ዕቃ ለማስመለስ ቅጣት ይከፈላል፤ በሳምንቱ ደግሞ ያው ነው። ሱዳናዊቷ አንድ ጊዜ ስትሮጥ የእኛዋ ሁለት ጊዜ ትሮጥ ነበር፤ አንዴ ለምድጃዋ፣ አንዴ ለመኖሪያ ወረቀቷ።

በ1990 አንዲት ሻይ ሻጭ ሩጫው በቃኝ አሉ። (ከአንዱ በስተቀር ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ወይዘሮ አወዲያ ማሕሙድ ኮኮ ይባላሉ፤ የኑባ ተራሮች ልጅ ናቸው። ሻይ መሸጥ ለሴት ነውር ተብሎ በሚታይበት ዘመን ምድጃ ዘርግተው ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ያደረጉት ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ የምግብና የሻይ ሻጭ ሴቶችን በኅብረት ሥራ ማኅበር አደራጁ። ብቻዋን የተያዘች ሴት ቅጣቷን ከፍላ ትወጣለች፤ ማኅበር ያላት ሴት ግን የሚከራከርላት አላት። ማኅበሩ አድጎ በካርቱም ክፍለ ግዛት ደረጃ የሚታወቅ ሆነ። ከዚያ አንድ የንግድ ሥራ ከሰረ፤ ዕዳው በእሳቸው ላይ ወደቀና ወይዘሮ አወዲያ ለዓመታት ታሰሩ። ሲፈቱ እንደገና ወደዚያው ማኅበር ተመለሱ። በ2016 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በየዓመቱ ለደፋር ሴቶች የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ዋሽንግተን ላይ ተቀበሉ። በ2019 ወጣቱ ከጦር ሠራዊቱ ዋና መምሪያ በር ላይ ሲሰፍር ደግሞ ድስት ጥደው ሰልፈኛውን ከሚመግቡት መካከል ነበሩ።

ይህን ሁሉ ሲሠሩ አንድም ጊዜ በሕዝብ ድምፅ የተያዘ ወንበር ላይ አልተቀመጡም። የሚቀመጡበት ወንበር አልነበረምና ነው። ዛሬ ላነሣ የመጣሁት ነገር ይኸው ነው። የካርቱም ሰው ከሠፈሩ ተነሥቶ አንድን አምባገነን እስከ መጣል ደርሷል። ከሠፈሩ ተነሥቶ የመሃሊያው (የአካባቢ አስተዳደሩ) ምክር ቤት፣ ከዚያም የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የሚገባበት ደረጃ ግን አልተሠራለትም። መሬቱ አለ፣ ጣሪያው አለ፤ መካከሉ ባዶ ነው።

የከተማውን አወቃቀር ባጭሩ ላስታውሳችሁ። የካርቱም ክፍለ ግዛት ሰባት መሃሊያዎች አሉት፦ ካርቱም፣ ጀበል አውሊያ፣ ባሕሪ፣ ሸርቅ አል-ኒል፣ ኦምዱርማን፣ ኦምበዳና ከራሪ። ከሁሉም በላይ ዋሊው አለ፤ እኛ የክልል ፕሬዚዳንት ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ሹመት ነው። ከሁሉም በታች ሠፈሩ አለ፤ ሐይ ይሉታል። በፕሬዚዳንት ኦማር አል-በሽር ዘመን በየሐዩ የሕዝብ ኮሚቴ የሚባል ነበር። ቀበሌን ለሚያውቅ ሰው ማብራራት አያስፈልግም። የነዋሪነት ወረቀት የሚሰጠው እሱ፣ ስኳር የሚያከፋፍለው እሱ፣ ማን ማታ ከማን ጋር እንዳመሸ ለገዢው ፓርቲ የሚያደርሰውም እሱ ነበር። ማኅተሙ ከላይ የተሰጠው ስለሆነ ጆሮውም ወደ ላይ ነበር።

ከዚህ ኮሚቴ ጎን ግን ማኅተም የሌለው ሌላ ነገር ነበር። ሱዳኖች ነፊር ይሉታል፤ እኛ ደቦ እንለዋለን። በኦገስት 2013 ካርቱምን ጎርፍ ሲያጥለቀልቃት የመንግሥት እጅ ዘገየ፤ ነፊር በሚል ስም የተሰባሰቡ ወጣቶች ስልክ እየተቀበሉ፣ ካርታ እየሠሩ፣ ላስቲክና ምግብ እያደረሱ ሰነበቱ። በዚያው ሰሞን ሌሎች ወጣቶች በሕፃናት ሆስፒታል ደጅ ባለው ጎዳና ላይ፣ ከሻይ ሻጮቹ ዘንድ እየተቀመጡ፣ መድኃኒት መግዛት ላቃተው ወላጅ ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር። ስማቸውንም ከዚያው ወሰዱ፤ ሻርዕ አል-ሐዋዲስ፣ የድንገተኛ ሕክምና ጎዳና እንደ ማለት። በ2015 ኦምዱርማን ውስጥ ባሰባሰቡት ገንዘብ የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲያስከፍቱ ሪባኑን የቆረጠችው ሚኒስትር አልነበረችም፤ ሻይ ሻጭ ናት። አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። ገሚሱ የመንግሥት ክብር ተነካ አለ፤ ገሚሱ ደግሞ ክብሩ ገና አሁን ቦታውን አገኘ አለ። እኔ ይህን ክርክር ከብዙ የፓርቲ ጉባኤ አስበልጬ ነው የማየው። ማን ይመርቅ ብሎ መከራከር ማን ያስተዳድር ብሎ ከመከራከር ብዙም አይርቅምና።

በሴፕቴምበር 2013 የነዳጅ ድጎማ ሲነሣ ሕዝቡ ወጣ፤ የመብት ተሟጋቾች እንደመዘገቡት ወደ 200 የሚጠጋ ሰው ተገደለ። የሠፈር የተቃውሞ ኮሚቴዎች ዘር የተጣለው ያኔ ነው። መሐል ከተማ ላይ የተሰበሰበ ሰልፍ በአንድ ሰዓት ይበተናል፤ የተመታው ሰው የሚደበቀው፣ የሚታከመው፣ የሚቀበረውም በሠፈሩ ነው። ስለዚህ ሠፈሩን ማደራጀት ያስፈልጋል፤ ከደም የተማሩት ይህን ነበር።

በዲሴምበር 19 ቀን 2018 አትባራ ላይ የዳቦ ዋጋ ከአንድ ፓውንድ ወደ ሦስት ሲዘል ሕዝቡ ለተቃውሞ ወጣ፤ ሰልፉም ካርቱም ደረሰ። የሱዳን ባለሙያዎች ማኅበር የሰልፉን ቀንና መንገድ ያውጃል፤ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ መንገዱ ጭር ያለ ነው፤ ከአንድ ግቢ አንዲት ሴት እልል ትላለች፤ በሩ ሁሉ ይከፈታል። እልልታ የሠርግ ብቻ የሚመስለን ሰዎች ካርቱም ላይ የሰልፍ ደወል ሆኖ አገኘነው። በምሥራቅ ካርቱም ያለው ቡሪ ሠፈር በተለይ ጸጥታ ኃይሎች በቀላሉ የማይገቡበት ሆነ። በጃንዋሪ 2019 ቡሪ ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም ቁስለኛ ሊረዳ ወጥቶ በጥይት ተገደለ። ከዚያ ኤፕሪል 6 መጣ። በ1985 ፕሬዚዳንት ኒሜሪን የጣለው ሕዝባዊ አመፅ የሚታሰብበት ቀን ነው፤ ሕዝቡ ወደ ጦር ሠራዊቱ ዋና መምሪያ ተመመና እዚያው ሰፈረ። ከአምስት ቀን በኋላ፣ በኤፕሪል 11፣ በሽር ወረደ፤ ሥልጣኑን ግን ጄኔራሎች ያዙት።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ለኔ ትልቁ ቀን ኤፕሪል 11 አይደለም፤ ጁን 30 ነው። በጁን 3 ንጋት ላይ በዋናው መምሪያ ደጅ የሰፈረው ሕዝብ በጥይት ተበተነ። ከ100 በላይ ሰው ተገደለ፤ የተወሰኑት አስከሬኖች ከአባይ ወጡ። በዚያው ቀን ኢንተርኔት ተቆረጠ። ከአራት ቀን በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ለሽምግልና ካርቱም ገቡ፤ የኢትዮጵያው መልዕክተኛ አምባሳደር ማሕሙድ ድሪርም ከአፍሪካ ኅብረቱ መልዕክተኛ ጋር በጄኔራሎቹና በተቃዋሚዎቹ መካከል ሲመላለሱ ከረሙ። ያ የላይኛው ሥራ ነው። የታችኛው ግን እንዲህ ነበር፦ ፌስቡክ የለም፣ ዋትስአፕ የለም። የሠፈር ኮሚቴዎች በግድግዳ ጽሕፈት፣ በእጅ በሚሰጥ ወረቀት፣ በስልክ አጭር መልእክት፣ ማታ ማታ በሠፈር ሜዳ በሚደረግ ንግግር፣ ቤት ለቤት በማንኳኳት ሕዝቡን ጠሩት። በጁን 30፣ በሽር በ1989 ሥልጣን የያዘበት ሠላሳኛ ዓመት በሚውልበት ቀን፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጣ። ሬሳ ካነሣ አንድ ወር ያልሞላው ሕዝብ ነው። ጄኔራሎቹን ወደ ድርድሩ ጠረጴዛ የመለሳቸው የሽማግሌ ምክር ብቻ ይመስላችኋል? በሩን ያንኳኳው ልጅ ነው። በኦገስት 17 ሕገ መንግሥታዊው ሰነድ ተፈረመ፤ አዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ለዓመታት የሠሩት አብደላ ሐምዶክ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

አሁን ወደ ጎደለው ደረጃ ደረስን።

ያ ሰነድ ከ300 የማይበልጥ መቀመጫ ያለው የሕግ አውጪ ምክር ቤት በ90 ቀን ውስጥ ይቋቋማል ይላል። ከመቀመጫዎቹ 67 በመቶ አመፁን ለመራው የፓርቲዎችና የማኅበራት ጥምረት፣ ለነጻነትና ለለውጥ ኃይሎች፤ ሴቶች ከ40 በመቶ እንዳያንሱ። በወረቀት ላይ ያማረ ነገር ነው፤ ብዙ አገሮች ያልደፈሩትም ነው። ምክር ቤቱ ግን አንድም ቀን ተሰብስቦ አያውቅም። ፓርቲዎቹ ስንት መቀመጫ ለማን ሲባባሉ 90 ቀኑ አለፈ፤ ዓመቱ አለፈ፤ ሁለት ዓመቱም አለፈ። ከሠፈር ወደ መሃሊያ የሚመረጥ ምክር ቤትም አልመጣ። የየክፍለ ግዛቱ ዋሊዎች እስከ ጁላይ 2020 ድረስ መኮንኖች ነበሩ። በዚያ ወር ሐምዶክ 18 ሲቪል ዋሊዎችን ሾሙ፤ ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ ካርቱም ለአይመን ኻሊድ ኒምር ደረሰች። ልብ በሉ፤ ተሾሙ እንጂ አልተመረጡም።

ልዩነቱ ምን እንደሆነ ከካርቱም ወጣ ብዬ በምሥራቋ ክፍለ ግዛት በከሰላ ላሳያችሁ። ለከሰላ የተሾሙት ሳሌህ አማር ጋዜጠኛ ነበሩ፤ የለውጡ ሰው። ሹመታቸው ከካርቱም ተነገረ። ከሰላ ላይ ግን ከፊሉ ሕዝብ ይህ ሰው የእኛ አይደለም ብሎ ተነሣ፤ ጉዳዩ የጎሣ መልክ ያዘ፤ መንገድ ተዘጋ። ሰውየው ቢሯቸው ሳይገቡ በኦክቶበር 2020 ሹመቱ ተነሣ። መነሣቱ ደግሞ በተራው የእሳቸውን ወገን አስቆጣና በምሥራቁ ደም ፈሰሰ። ጥፋቱ የሳሌህ አማር ነው አልልም። አንድ ሰው ከታች በሰው ድምፅ ተለክቶ ካልወጣ፣ ከላይ ሲወርድ የሚታየው ዘሩ ነው። ሠፈር ውስጥ ውኃ ያስቀዳ፣ ኮሚቴ የመራ፣ መሃሊያ ላይ ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው ቢሆኑ ኖሮ የሚጠላቸውም ቢያንስ የሚጠላበትን ምክንያት ያውቅ ነበር።

በዚህ መሀል የካርቱም የሠፈር ኮሚቴዎች ምን ሆኑ? ዱቄት ቆጣሪ ሆኑ። በሥላቅ አይደለም የምለው። የበሽር ዘመን የሕዝብ ኮሚቴዎች ሲፈርሱ በቦታቸው የለውጥና የአገልግሎት ኮሚቴ የሚባሉ ተቋቋሙ፤ ብዙዎቹን የሞሉት የተቃውሞ ኮሚቴ ልጆች ናቸው። መንግሥት በድጎማ የሚያቀርበው ዱቄት ከዳቦ ቤቱ ጓሮ ወጥቶ በጥቁር ገበያ ይሸጥ ነበር። ልጆቹ ዳቦ ቤት ደጅ ላይ መዋል ማደር ጀመሩ። ስንት ኩንታል ገባ፣ ስንት ተጋገረ፣ ሰልፉ በማን ተራ ነው፣ የጋዝ ሲሊንደር ለየትኛው ቤት አልደረሰም። ትናንት ጎማ ሲያቃጥል የነበረ ልጅ ዛሬ ደብተር ይዞ ከዳቦ ጋጋሪ ጋር ይጨቃጨቃል። ከዚህ የተሻለ የማዘጋጃ ቤት ትምህርት ቤት የት ይገኛል? ግን እዩት፤ የጎደለውን ዱቄት መቁጠር ይችላል፤ ሰራቂውን መቅጣት አይችልም። ስለ ዱቄቱ በጀት የሚናገርበት ምክር ቤት የለም። ዳቦ የጠፋ ቀን ግን ሰልፈኛው የሚያገኘው እሱን ነው፤ ሚኒስትሩን አይደለም። ሥልጣን ሳይኖረው ተወቃሽ ሆነ።

በኦክቶበር 25 ቀን 2021 የጦር ሠራዊቱ አዛዥ ጄኔራል ቡርሃን መንግሥቱን ገለበጡ። ኮሚቴዎቹ ያን ጊዜ በሦስት እምቢታ ተመለሱ፦ ድርድር የለም፣ ሽርክና የለም፣ ዕውቅና የለም። ሐምዶክ በኖቬምበር ከጄኔራሉ ጋር ፈርመው ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ ጎዳናው አልተቀበላቸውም፤ በጃንዋሪ 2 ቀን 2022 ለቀቁ። ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ በሰልፍ ላይ የተገደለው ከ120 በላይ ነው፤ አብዛኛው ወጣት። በዚህ ሁሉ መካከል ከጥይት ይልቅ የገረመኝ አንድ ነገር አለ። ልጆቹ መጻፍ ጀመሩ። በፌብሩዋሪ 27 ቀን 2022 የካርቱም ክፍለ ግዛት ኮሚቴዎች የሕዝብ ሥልጣን መመሥረቻ ቻርተር የተባለ ሰነድ አወጡ፤ ሌሎች ክፍለ ግዛቶችም የየራሳቸውን። ሰነዶቹ በየሠፈሩ ተነብበው፣ ተሰርዘው፣ ተደልዘው እንደገና የተጻፉ ናቸው። ከውስጣቸው ደጋግሞ የሚመጣው ሐሳብ አገርን ከታች፣ ከአካባቢ ምክር ቤት መገንባት ነው። የጎደለውን ደረጃ አይተውታል ማለት ነው። ስሙንም ጠርተውታል።

ግን የሚያስቸግር ጥያቄ ነበረባቸው። ማን ይወከል? ኮሚቴዎቹ መሪ የሚባል ነገር አይወዱም፤ ቃል አቀባይ እንጂ አለቃ የላቸውም። ምክንያታቸው የገባው ሰው ሊስቅባቸው አይችልም፤ አለቃ ያለው ኮሚቴ አለቃው በታሰረ ቀን ይበተናል፣ አለቃው በተገዛ ቀን ይሸጣል። ሁለቱንም አይተዋል። ይሁን እንጂ መሪ የሌለው ጉባኤ ወደ ዋሊው ቢሮ የሚልከው ሰው የለውም። እኔ እዚህ ላይ ልቤ ሁለት ነው። ከጄኔራሎች ጋር አንቀመጥም ማለታቸው ትክክል ነበር፤ የተቀመጡት ምን እንዳተረፉ አይተናል። ነገር ግን ከ2019 እስከ 2021 ባሉት ሁለት ዓመታት፣ በሩ ገርበብ ባለበት ጊዜ፣ የመሃሊያውን ወንበር እንደ ቆሻሻ ባይንቁት ይበጃቸው ነበር እላለሁ። ከፍተኛውን ወቀሳ ግን ለፓርቲዎቹ አደርገዋለሁ። ከሠፈር የሚመጣው ልጅ እንዳይጋፋቸው ደረጃው ሳይሠራ ቢቆይ የማይጎዳቸው ይመስል ነበር። ይህን ስፈርድ ከሩቅ ሆኜ፣ ጥይት በማይሰማበት አዳራሽ እንደሆነ አልዘነጋም።

ከእኛም ታሪክ አንድ ነገር ልጨምር፤ የሱዳኖቹ ችግር ብቻ እንዳይመስለን። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 (ይቺ በእኛ አቆጣጠር ናት) የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ቀበሌዎቹ። ሐሳቡ ሲጀመር ጎረቤት በጎረቤቱ እንዲመረጥ ነበር። ከዚያ የሆነውን ከእኔ ይልቅ ፀጉራቸው የሸበተው ይንገሩን። እኛ ጋ ደረጃው ተሠርቶ ነበር፤ ትእዛዝ ሲወርድበት ኖረ እንጂ ሰው አልወጣበትም። ዕድሩ ግን ከዚያ ሁሉ ወዲያም ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ መዝገቡን ይዞ ቆየ። ዕድር ፖለቲካ ውስጥ አልገባም ስላለ ነው የቆየው የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። የካርቱም ኮሚቴ ግን ያን ምርጫ አላገኘም፤ ፖለቲካው ራሱ እቤቱ ድረስ መጣበት።

በኤፕሪል 15 ቀን 2023፣ ረመዳን ሊገባደድ ቀናት ሲቀሩት፣ ጦር ሠራዊቱና ፈጥኖ ደራሽ የሚባለው ታጣቂ ኃይል ካርቱም ውስጥ ተታኮሱ። መንግሥት የሚባለው ነገር ከከተማዋ በቀናት ውስጥ ጠፋ፤ ሚኒስቴሮቹ ወደ ፖርት ሱዳን ሄዱ። ከእኛም ወገን ብዙ ሰው በመተማ ተመልሶ ገባ፤ ከእነሱም ብዙ ሺህ በዚያው በር እንግዳ ሆኖ መጣ። ከተማው ውስጥ የቀረው ሰው ግን ማን ውኃ ያምጣለት? ማን ቁስለኛ ያንሣ? ማን ይቅበር?

የሠፈር ልጆቹ ናቸው። የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ክፍሎች የሚባሉት፣ በአረብኛው ጉረፍ አል-ጠዋሪእ፣ በአብዛኛው ከተቃውሞ ኮሚቴዎቹና ከነፊር የቆየ መረብ የበቀሉ ናቸው። አደረጃጀታቸውን ስትመለከቱ ልብ የሚነካ ነገር አለው፤ ሠፈር አለ፣ መሃሊያ አለ፣ ክፍለ ግዛት አለ። መንግሥት ጥሎት የሄደውን ካርታ በጎ ፈቃደኞች ሞሉት። የጎደለው ደረጃ በጦርነት መካከል፣ ያለ ምርጫና ያለ ደመወዝ፣ ተሠራ።

ምን ይሠራሉ ካላችሁ፣ ከሁሉ በፊት ያበስላሉ። ተኪያ ይሉታል፤ ስሙ ከሱፊዎቹ የእንግዳ ማዕድ የመጣ ነው። ፉል፣ ምስር፣ አሲዳ፤ በቀን አንዴ፣ ሲገኝ ሁለቴ። ገንዘቡ ከውጭ ካለው ሱዳናዊ በባንካክ ይመጣል፤ የካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ኔትወርክ አገር አቀፍ ሆኖ ሲጠፋ ድስቶቹም አብረው ቆሙ፤ ገንዘቡ በስልክ ነዋ። ስታርሊንክ ያለበት ሥፍራ ተፈልጎ፣ እዚያ ሄዶ ገንዘብ ተቀብሎ፣ ፉሉ ተገዝቶ እንደገና ተጣደ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ እርዳታ ሲታገድ በመላ አገሪቱ ከ1,100 በላይ ማብሰያዎች እንደተዘጉ ተዘገበ። ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ አንድ ወረቀት ኦምዱርማን ላይ የአንድ ሠፈርን ምሳ ያጠፋል፤ እነዚህ ልጆች የዓለም ፖለቲካን የተማሩት እንዲህ ነው።

ኦምዱርማን ካልሁ አል-ናው ሆስፒታልን ሳላነሣ አላልፍም። ሌሎቹ ሲዘጉ እሱ በመድፍ ሥር ሲሠራ ከረመ፤ ዶክተር ጀማል አል-ጠይብ የሚመሩት ሲሆን በ2025 የአውሮራ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የአስቸኳይ ጊዜ ክፍሎቹም በዚያው ዓመት የኖርዌዩን የራፍቶ ሽልማትና የስዊድኑን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ።

አገር ውስጥ ግን እጣቸው ሌላ ነው። ፈጥኖ ደራሹ በያዘው ሠፈር ያበሰለ ልጅ፣ ሠፈሩ በጦር ሠራዊቱ እጅ ሲገባ፣ ለጠላት አብስለሃል ይባላል። በተቃራኒውም እንዲሁ። የታሰሩ አሉ፤ የተገደሉም አሉ። በ2024 መጀመሪያ ላይ በጦር ሠራዊቱ እጅ ካሉት ክፍለ ግዛቶች አንዷ፣ አትባራ ያለችባት ናይል ወንዝ፣ የተቃውሞ ኮሚቴዎችን በዋሊዋ ውሳኔ አገደች። የዳቦው አመፅ የተቀጣጠለባት ምድር ናት። በማርች 2025 ጦር ሠራዊቱ ቤተ መንግሥቱን መልሶ ያዘ፤ በሜይ መላው የካርቱም ክፍለ ግዛት ነጻ ወጣ ተባለ። ሕዝቡ እየተመለሰ ነው፤ ዋሊውም፣ መሃሊያውም፣ ማኅተሙም እየተመለሰ ነው። በጎ ፈቃደኛው አሁን የሚጠየቀው ጥያቄ ዕውቅናህ የት አለ የሚል ነው። ብትመዘገብ ማንን እንደምትመግብ የሚነግርህ ሰው ይመጣል። ባትመዘገብ ሕገ ወጥ ነህ።

ይህን ጥያቄ ስሰማ የሚታወሰኝ ከሻ ነው። የሕዝብ ሥነ ሥርዓት የሚባለው፣ ሴቶችን በልብሳቸውም በሻያቸውም ያስገርፍ የነበረው ሕግ፣ በኖቬምበር 2019 ተሽሯል፤ ከለውጡ እውነተኛ ትርፎች አንዱ ነው። ሕጉን የሻረው ግን ያ ያልተመረጠ መንግሥት ነበር። ሻይ ሻጮቹ በመሃሊያ ምክር ቤት ተቀምጠው፣ ጎዳናው የማን ነው በሚለው ላይ እጃቸውን አውጥተው ድምፅ የሰጡበት ቀን አልነበረም።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ የቀረውን ለእናንተ ልተወው። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ከዚያ በፊት ግን ካርቱም ላይ ሻይም ሆነ ቡና የሸጣችሁ እናቶችና እህቶች ካላችሁ፣ ድምፅ ማጉያው መጀመሪያ ለእናንተ ይሰጥ። ከፊት ረድፍ እጅ ያወጡትን እናት እያየሁ ነው። እማማ፣ ይምጡ።